የሳን ዴኒን መስኮት በውሃ ቀለም ለመሣል

መጀመሪያ የሣልኩት ባለቀለም የቤተ ክርስቲያን መስኮት የፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ መስሎ ቁጭ አለ። ቀይ አለው፣ ሰማያዊ አለው፣ ቢጫ አለው። ሁሉም ደማቅ ነው። ግን አንዱም አይበራም። ጓደኛዬ አየት አደረገውና «ለበዓል ጠረጴዛ ይሆናል» ብሎኝ አለፈ። ሁለት ሳምንት ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ስበሽቅበት ከረምኩ። አንድ ማታ ንዴቴን ልወጣበት ብዬ በመስኮቱ ዙሪያ ያለውን ግራጫ ግድግዳ ከጥቁር በማይተናነስ ቡናማ ለቀለቅኩት። ገና ግማሹን ሳልጨርስ መስኮቱ በራ። መስታወቱ ላይ አንዲት ጠብታ ቀለም አልጨመርኩም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ዞሮ ዞሮ የጨለማ አሣሣል መመሪያ ነው። መስታወቱ ላይ የምትደክሙትን ያህል ድንጋዩ ላይ ካልደከማችሁ፣ የጠረጴዛ ልብስ ይጠብቃችኋል።

የትኛው መስኮት?

ለልምምድ የመረጥኩላችሁ የሳን ዴኒ ገዳምን ነው። ሳን ዴኒ ከፓሪስ በስተሰሜን ያለች፣ ከዋና ከተማዋ ጋር የተጎራበተች ከተማ ናት። ገዳሙ የፈረንሳይ ነገሥታት መቀበሪያ ነበር። በ12ኛው መቶ ዘመን አበ ምኔቱ ሱዤር የሚባሉ ሰው ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑን ምሥራቃዊ ክፍል በአዲስ መልክ አሠሩና ቅዳሴ ቤቱ ጁን 11 ቀን 1144 እ.ኤ.አ. ተከበረ። ከመንበሩ ጀርባ ግማሽ ክብ ሠርቶ የሚዞር መተላለፊያ አለ። እዚያ ወፍራም ግድግዳ የለም ማለት ይቻላል። ቀጫጭን ዓምዶች፣ ከዚያ መስኮት፣ ደግሞ መስኮት። ሱዤር ራሳቸው በጻፉት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ በማይቋረጥ ብርሃን እንደሚያበራ በኩራት ያወራሉ። መስኮቶቹን የሚጠብቅና የሚጠግን ባለሙያም መድበውላቸው ነበር።

ከመስኮቶቹ አንዱ የእሴይ ግንድ ነው። «ከእሴይ ግንድ በትር ይወጣል» የሚለውን የኢሳይያስን ትንቢት የሰማ ሰው ሥዕሉን ሳያየው ያውቀዋል። ታች እሴይ ተኝቷል። ከእሱ ዛፍ ይወጣል። ዛፉ ላይ ነገሥታት አንዱ ከአንዱ በላይ ተቀምጠዋል። ከእነሱ በላይ እመቤታችን፣ ጫፉ ላይ ጌታ። ግራና ቀኝ ነቢያት አሉ። መደቡ ሰማያዊ ነው።

ለጀማሪ ምቹ ነው። መሀል ለመሀል አንድ ግንድ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ ሚዛኑ አይጠፋባችሁም። «አንዲት ነጥብ እንዳልስት» ብላችሁም አትጨነቁ። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ መስታወቶቹ ወርደው ነበር፤ ብዙው ተሰብሯል፣ ጠፍቷል። ዛሬ የሚታየው አሮጌው ቁራጭ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጥገና ጋር ተቀላቅሎ ነው። የሻርትር ካቴድራል በ1150 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተሠራ ተመሳሳይ የእሴይ መስኮት አለው። እሱ በደንብ ተጠብቆ ስለቆየ የአንዱ ንጉሥ አቀማመጥ ግራ ካጋባችሁ የሻርትርን ፎቶ አጠገባችሁ አድርጉ።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ብርሃኑን በዓይናችሁ ለማየት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቡ። ባለቀለም መስታወት አለ። አፍሪካ አዳራሽ ያለው የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ሥራ 150 ካሬ ሜትር ነው። ዘመኑም ጉዳዩም ከሳን ዴኒ ጋር አይገናኝም፤ የመስታወት ጠባይ ግን አንድ ነው። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ደመና ሲመጣና ሲሄድ የትኛው ቀለም ቀድሞ እንደሚጠፋ ተመልከቱ። ከየትኛውም ቪዲዮ የበለጠ ያስተምራል።

ዕቃው

ቶሎ ልለፈው። ወረቀት ላይ አትቆጥቡ፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን፣ ከተቻለ ከጥጥ የተሠራ የውሃ ቀለም ወረቀት ያስፈልጋል። ቀጭን ወረቀት ቀለም ሲደራረብበት ይላጣል። መጠኑ 28 በ38 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል። ቀለም ስድስት ይበቃል፦ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ኮባልት ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ የሚመስል ጠለቅ ያለ ቀይ፣ ሞቅ ያለ ቢጫ፣ ቪሪዲያን አረንጓዴ እና በርንት ሲዬና። ጥቁር ቀለም አትግዙ። ካላችሁም ደብቁት። አልትራማሪንና በርንት ሲዬና ወፍራም አድርጋችሁ ስትቀላቅሉ የሚወጣው ጨለማ ከየትኛውም የቱቦ ጥቁር ይሻላል፤ ሕይወት አለው።

ለልጆች የሚሸጠው ክብ ክብ ደረቅ ቀለም አይሆንም። ድፍን ያለ ነው፣ ወረቀቱን ይሸፍነዋል። እኛ የምንፈልገው ወረቀቱ ከሥር እንዲያበራ የሚፈቅድ፣ የሚያሳልፍ ቀለም ነው።

ከዚህ ሌላ፦ አንድ ወፈር ያለ ክብ ብሩሽ፣ አንድ ቁጥር 4፣ ፀጉሩ ረጅምና ቀጭን የሆነ አንድ ብሩሽ፣ የማያሳዝናችሁ አንድ አሮጌ ብሩሽ። እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ሶፍት፣ ሁለት ጣሳ ውሃ። ማስኪንግ ፍሉድ ካገኛችሁ ጥሩ። ወረቀት ላይ ተቀብቶ እንደ ላስቲክ የሚደርቅ፣ በኋላ የሚላጥ ፈሳሽ ነው። ካላገኛችሁም ሥዕሉ አይቀርም።

አንደኛ፦ ፎቶውን ማዘጋጀት

እዚያው ከሄዳችሁ ጠዋት ግቡ። ይህ የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይዋ ከመስታወቱ ጀርባ ትመጣለች። ስልካችሁን ወደ መስኮቱ ስትደግኑ ስክሪኑ ላይ መስታወቱን ንኩት፤ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉት። ግድግዳው ድቅድቅ ይላል፣ መስታወቱ ግን ቀለሙን ያወጣል። አንድ አንሱ። ቀጥሎ ግድግዳውን ንኩና ሌላ አንሱ። በዚህኛው መስታወቱ ነጥቶ ይጠፋል፣ ድንጋዩ ግን ይታያል። ሁለቱም ያስፈልጓችኋል። አንዱ ፎቶ ብቻ ካላችሁ የመጀመሪያው ይበልጣል።

ከዚያ ፎቶውን በስልኩ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ዓይን የሚበላው ያ ቀይ በጥቁርና ነጭ ከድንጋዩ እምብዛም አይለይም። በእርግጥ የሚያበሩት ነጩ፣ ቢጫውና ፈዘዝ ያለው ሰማያዊ ናቸው። ይህንን ፎቶ ሥዕሉ እስኪያልቅ አጠገባችሁ አኑሩት።

ሁለተኛ፦ የክብሪት ቀፎ የምታህል ንድፍ

በሦስት ደረጃ ብቻ ሥሯት፦ ነጭ፣ መካከለኛ፣ ጥቁር። መስኮቱ የወረቀቱን ስፋት ከሲሶ እስከ ግማሽ ቢይዝ ይበቃል። የቀረው ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩም ጨለማ ነው። ጀማሪ ሁሌ መስኮቱን ያተልቀዋል፣ ምክንያቱም «ዋናው እሱ ነው» ይላል። ወረቀቱን ሞልቶ የወጣ መስኮት ግን የሚያበራበት ቦታ የለውም።

የሰዎቹንም ቁጥር ቀንሱ። እኔ እሴይን፣ ሁለት ነገሥታትንና ከጎናቸው ያሉትን ነቢያት ብቻ እወስዳለሁ። የላይኛው ክፍል ወደ ላይ እየፈዘዘ ይሄዳል።

ሦስተኛ፦ እርሳስ በእርሳስ

የእኛ ቋንቋ እዚህ ላይ ቀልደኛ ነው። የመስታወቱን ቁርጥራጮች አያይዞ የያዘው ብረት እርሳስ ነው። እኛም የምንነድፈው በእርሳስ ነው። ስለዚህ ስትነድፉ «ይቺ መስመር እውነተኛ እርሳስ ናት ወይስ የቀለም መስመር?» ብላችሁ ጠይቁ። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ያኔ ሥራው እንዲህ ነበር። ባለሙያው ሰፊ ጣውላ ላይ ኖራ መሰል ነጭ ይቀባና የመስኮቱን ንድፍ በሙሉ መጠኑ ይሥልበታል። በ12ኛው መቶ ዘመን ቴዎፍሎስ የተባለ መነኩሴ ይህንን አሠራር ከነዝርዝሩ ጽፎት አልፏል። ባለቀለሙን መስታወት ንድፉ ላይ አስተኝቶ፣ በጋለ ብረት ይሰነጥቀዋል፤ ጠርዙን በብረት መንጋጋ እየነካከሰ ያስተካክለዋል። ልብሱ አንድ ቁራጭ፣ እጁ ሌላ ቁራጭ፣ ፊቱ ሌላ ቁራጭ። የዓይኑ፣ የአፍንጫው፣ የልብሱ እጥፋት መስመር ግን ቁርጥ አይደለም፤ መስታወቱ ላይ በብሩሽ የተቀባ ነው።

ስለዚህ አራት ዓይነት መስመር አለ። የድንጋዩ ጠርዝ ከሁሉም ወፍራም ነው። ቀጥሎ መስኮቱን በአግድምና በቁም የከፈሉት የብረት ዘንጎች ይመጣሉ፤ ቀጥ ያሉና ጠንካራ ናቸው። ሦስተኛው የእርሳሱ መስመር ነው። ይህ ቅርጹን ተከትሎ ይዞራል፣ ይጠማዘዛል። አራተኛው የብሩሽ መስመር ነው፤ ቀጭን፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ። አራቱን በአንድ ውፍረት ያሠመረ ሰው የልጆች ማቅለሚያ ደብተር ያወጣል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ጠርዙን በፕላስተር ሰሌዳ ላይ አጣብቁ። መጀመሪያ የመሀሉን ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። የመስኮቱን ሁለት ጎኖች ከመሀሉ እኩል አርቁ። የቅስቱን አናት ፎቶውን አይታችሁ ወስኑ። ግማሽ ክብ ከሆነ የኮምፓሱን እግር መሀል ላይ ተክላችሁ በስፋቱ ግማሽ ትዞራላችሁ። ሹል ከሆነ ኮምፓሱን በመስኮቱ ሙሉ ስፋት ክፈቱት፤ እግሩን ቅስቱ የሚጀምርበት ቀኝ ጠርዝ ላይ ተክላችሁ የግራውን፣ ግራው ላይ ተክላችሁ የቀኙን አዙሩ። ሁለቱ የሚገናኙበት ጫፉ ነው። ፎቶው ላይ ሹልነቱ ያነሰ ከመሰላችሁ የኮምፓሱን እግር ትንሽ ወደ መሀል አስገቡት፤ መክፈቻውንም ያንኑ ያህል አጥብቡት።

ከቅስቱ ቀጥሎ ዘንጎቹን በማስመሪያ፣ ሰዎቹን በነፃ እጅ። እርሳሱን አትጫኑት፤ የታየ ያልታየ የሚመስል መስመር ይበቃል። ሲበዛ ቢጫው ሥር ቆሻሻ ይመስላል።

አራተኛ፦ ነጩን ማስጠበቅ

በውሃ ቀለም ብርሃን ማለት ወረቀቱ ነው። አንዴ ከሸፈናችሁት አይመለስም።

የዚያ ዘመን መስኮቶች ዳር ዳሩ ላይ የዕንቁ ዶቃ የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ይደረደራሉ። ባለሙያው ቀለም ከቀባ በኋላ በእንጨት ጫፍ እየጫረ ነው የሚያወጣቸው። እኛ በማስኪንግ ፍሉድ እናስጠብቃቸዋለን። አሮጌውን ብሩሽ ሳሙና አስነኩት፣ ከዚያ ፈሳሹ ውስጥ ንከሩት። ሳሙናው ፈሳሹ ፀጉሩ ላይ ሙጭጭ እንዳይል ያደርጋል። ነጥቦቹን አስቀምጡ፣ የዘውዶቹንም ጫፍ ንኩ። በቃ።

እኔ አንዴ ጉድ ሠርቶኛል። ነጥቦቹን ቀብቼ፣ ቶሎ እንዲደርቅ በፀጉር ማድረቂያ ሙቀት ለቀቅኩበት። ከዚያ ሥራ በዝቶብኝ አራት ቀን ተውኩት። ስልጠው የወረቀቱን ቆዳ ይዞ ተነሣ። የተላጠውን ልጠግን ነጭ ቀለም ስቀባበት ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ፤ ነጩ ደፍኖ ግራጫ መሰለ። ስለዚህ በራሱ ጊዜ ይድረቅ። ሥራውን ሳታጓትቱ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ይነሣ።

ፈሳሹ የሌላችሁ ነጥቦቹን ዙሪያቸውን እየዞራችሁ ትተዋቸው ትሄዳላችሁ። ያስለፋል እንጂ የተሻለ ያምራል።

አምስተኛ፦ ፀዳሉ

ባለቀለም መስታወት ጠርዙ ላይ ቆርጦ አያቆምም። ብርሃኑ ወደ ድንጋዩ ትንሽ ይፈስሳል። ይህንን ከመጀመሪያው ማስገባት አለብን።

መስኮቱን በሙሉ፣ ከጠርዙም አንድ ጣት ያህል ወደ ግድግዳው አልፋችሁ በንጹሕ ውሃ አርጥቡ። የውሃው ማብለጭለጭ ትንሽ ቀነስ ሲል፣ ሻይ የሚያህል ቀጭን ቀለም ጣል ጣል አድርጉ። መሀል ላይ ፈዛዛ ቢጫ፣ ዙሪያውን ፈዛዛ ኮባልት፣ አልፎ አልፎ ቀይ ሮዝ እስኪመስል ቀጥኖ። እርስ በርስ ይግቡ። ወደ ግድግዳው ይፍሰሱ። ሰሌዳውን ዘንበል ቀና እያደረጋችሁ አግዟቸው። አሁን የምታዩት ቅጥ አምባሩ የጠፋ ነገር ነው። ተዉት። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። በእጃችሁ ጀርባ ስትነኩት ቀዝቀዝ ካለ አልደረቀም።

ስድስተኛ፦ ቁራጭ በቁራጭ

ዋናው ጊዜ የሚሄደው እዚህ ነው። ሁለት ማታ ስጡት።

በሰማያዊው ጀምሩ። ስለ ሰማያዊ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቪዮሌ ለ ዱክ ይህንኑ ቤተ ክርስቲያን በ19ኛው መቶ ዘመን ያደሱ አርክቴክት ናቸው። የድሮ መስታወቶችን ሲያጠኑ፣ ሰማያዊ ከሩቅ ሲታይ እየሰፋ ጎረቤቱን እንደሚውጥ፣ ቀይ ግን ባለበት እንደሚቆይ አስተውለዋል። እናንተም በሥላሴ ካቴድራል ቁጭ ስትሉ ልታዩት ትችላላችሁ። ለእኛ ሥራ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ሰማያዊው ጫፍ ላይ ትንሽ ቢፈስ፣ መስመሩን ቢያልፍ ችግር የለም። ቀዩ ግን በልኩ፣ በጠርዙ ይቁም።

እያንዳንዱን ሰማያዊ ቁራጭ ለብቻው ሙሉት። ብሩሹን ወተት በሚያህል አልትራማሪን ንከሩ፣ ከአንድ ጥግ ጀምሩ፣ መሀል ስትደርሱ ንጹሕ ውሃ ብቻ አስነኩ፣ ሌላኛው ጥግ ላይ ኮባልት ጣል አድርጉ። የድሮ መስታወት ውፍረቱ አንድ አይደለም። አረፋ አለው፣ ሞገድ አለው። አንዱ ቁራጭ ጠቆር ይላል፣ አጠገቡ ያለው ከዚያው ማቅለጫ ወጥቶ ፈዘዝ ይላል። ሁሉንም በእኩል ከሞላችሁት ፕላስቲክ ይሆናል። የእኔ የጠረጴዛ ልብስ ከግማሽ በላይ ጥፋቱ ይህ ነበር።

በቁራጭና በቁራጭ መካከል ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር ተዉ። ሁለት ጥቅም አላት። እርጥብ ቀለሞች እንዳይገናኙ ታደርጋለች። በኋላ የእርሳሱ መስመር ሲገባ አንዳንድ ቦታ ከጎኑ ነጭ ይተርፋል፤ ያ ነጭ ነው መስታወቱን የሚያስበራው። እንደ እድል የሚመስል ነገር ነው፣ ግን እድሉን እናንተ ናችሁ የምታመቻቹት።

ሰማያዊው ሲደርቅ ቀዩን ሥሩ። ቀይ መስታወት የሚቀላው በመዳብ ነው። ሙሉ ውፍረቱ ቢቀላ ኖሮ ብርሃን ስለማያሳልፍ ጥቁር ይመስል ነበር። ስለዚህ ቀዩን በስስ ንጣፍ ከነጣ መስታወት ጋር ያነባብሩት ነበር። ከቅርብ ሲታይ ዝንጉርጉር ነው፤ እንደ ሥጋ ቃጫ። ብሩሻችሁን ሶፍት ላይ ጠረግ አድርጉና ቀዩን በአንድ አቅጣጫ ሳቡት፣ ሽንትር ሽንትሩ ይታይ። አንድ ጊዜ ብቻ። ቀይን ደጋግሞ መቀባት ጡብ ያስመስለዋል።

ቀይና ሰማያዊ ጎን ለጎን ሲበዙ ከሩቅ ሐምራዊ ይሆናሉ። የዚያ ዘመን ሰዎች ይህንን ያውቁ ነበር። መካከላቸው ነጭ ወይም ቢጫ ክር መሰል ቁራጭ ይሰኩ ነበር፤ ዶቃዎቹም አንዱ ሥራቸው ይኸው ነው። ሥዕላችሁ ሐምራዊ ሐምራዊ ካለ መፍትሔው ቀለም መጨመር አይደለም። ነጭ መተው ነው።

አረንጓዴውና ቢጫው ጥቂት ነው። ቪሪዲያንን ብቻውን አትጠቀሙበት፣ የፕላስቲክ ባልዲ ይመስላል፤ በርንት ሲዬና ትንሽ ጠብ አድርጉበት። ቢጫ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ። ነጭ መስታወት ላይ ብር ቀብቶ፣ አቃጥሎ፣ በአንዱ ቁራጭ ላይ ነጭም ቢጫም ማግኘት የተጀመረው በ1300 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። በ1144 ቢጫ የራሱ ቁራጭ ነበር። ስለዚህ በነጭ ፊትና በቢጫ ዘውድ መካከል የእርሳስ መስመር ሳታስገቡ ብትሥሉ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይይዛችኋል።

ሰባተኛ፦ ፊቶቹ

ፊቱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው። ስለዚህ ሽፋሽፍት አትሥሉ።

እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንን ዓይን የለመደ ሰው ይቀናዋል። ትልልቅ ዓይን፣ ጠንካራ መስመር፣ ጥላ ትንሽ። የሳን ዴኒ ሰዎች ከእኛ ቅዱሳን ጋር የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ሁለቱም ግን ከሩቅና በደብዛዛ ብርሃን እንዲታዩ የተሠሩ ናቸው፤ መስመር ይወዳሉ።

የመስታወቱ ቀለም ከብረት ወይም ከመዳብ ዝገት ነበር የሚሠራው። ከተፈጨ መስታወት ጋር ተቀላቅሎ፣ በወይን ወይም በሽንት ተለውሶ ይቀባና እቶን ገብቶ ከመስታወቱ ጋር ይዋሐዳል። እኛ በርንት ሲዬና ላይ አልትራማሪን ትንሽ ጨምረን እናገኘዋለን። ሦስት ጊዜ ነው የምትነኩት። መጀመሪያ ፈዛዛ ጥላ ከአፍንጫው ጎንና ከአገጭ ሥር። ሲደርቅ ትንሽ ጠቆር ያለ በዓይን ጉድጓድ። ሲደርቅ መስመሩ፦ ቅንድብና አፍንጫ በአንድ እስትንፋስ፣ ዓይን ሁለት ቅስትና አንድ ነጥብ፣ አፍ አንድ ጭረት። ነጥቧ የላይኛውን ቅስት ትንካ። መሀል ላይ ከተንሳፈፈች ንጉሡ የደነገጠ ይመስላል። አንዱን ንጉሥ እንደዚያ አድርጌው እስከ ዛሬ ሳየው ይስቀኛል።

ስምንተኛ፦ ግድግዳው

እንግዲህ ድፍረት የሚፈልገው ይህ ነው። እስካሁን የደከማችሁበትን ሥራ አጠገብ ጨለማ ልታፈሱ ነው።

ከፈራችሁ ከጥቁር ወረቀት የመስኮቱን ቅርጽ ቀዳችሁ አውጡና ሥዕሉ ላይ አስቀምጡት። ያያችሁት ነገር ያደፋፍራችኋል።

አልትራማሪንና በርንት ሲዬናን በብዛት ቀላቅሉ፤ ከምታስቡት እጥፍ። መሀል መንገድ ላይ ቀለም ካለቀባችሁ ማዛመድ አይቻልም። ውፍረቱ ከወተት ይለፍ፣ ማር ይጠጋ። ትልቁን ብሩሽ ይዛችሁ ከላይኛው ጥግ ጀምሩና ሳታቆሙ ውረዱ። አንዳንድ ቦታ ሰማያዊው ይብዛ፣ አንዳንድ ቦታ ቡናማው። ውሃ ቀለም ሲደርቅ ስለሚነጣ እርጥብ እያለ «በዛ» ያላችሁት ጨለማ ሲደርቅ ልክ ይሆናል።

ፀዳሉን ያፈሰሳችሁበት ቦታ ስትደርሱ ብሩሹን በውሃ አለስልሳችሁ ጠርዙን አደብዝዙት። ግድግዳው ወደ መስኮቱ ገባ ብሎ የተቆረጠበት የውስጥ ጎን አለ፤ የመስኮቱ ድንጋይ ጉንጭ በሉት። እሱ ብርሃኑን በቀጥታ ስለሚቀበል ጨለማ አይደለም። በአንዱ ጎን ብቻ፣ ሞቅ ያለ ግራጫ ላይ ሰማያዊና ሮዝ ነካ ነካ አድርጉበት። ሁለቱንም ጎን እኩል ካበራችሁ ፀሐይዋ ከየት እንደመጣች ይጠፋል።

ዘጠነኛ፦ ብረቱና እርሳሱ

አሁን ብቻ ነው መስመሮቹ የሚገቡት። ግድግዳው ሳይጨልም ካሠመራችሁ ታወፍሯቸዋላችሁ።

እስክሪብቶ አትጠቀሙ። ለዶክመንት መፈረሚያ የሚሆን ጥሩ እስክሪብቶ ነበረኝ፤ «ውሃ አይነካውም» ብዬ ተማምኜ አሠመርኩበት፣ በላዩ ላይ ቀለም ሳስነካው የነቢዩ ጢም ወደ ደረቱ ፈሰሰ። ረጅሙን ቀጭን ብሩሽ ከግድግዳው በተረፈው ጨለማ ንከሩት። መስመሩ ሲጫኑት ይወፍራል፣ ሲያነሡት ይቀጥናል። ያ ነው የምንፈልገው።

መጀመሪያ የብረት ዘንጎቹን። ቀጥሎ እርሳሱን። ነጭና ቢጫ ቁራጮች ጋ ስትደርሱ መስመሩን አቅጥኑት፣ አንዳንዴም ጭራሹን አቋርጡት። ኃይለኛ ብርሃን መስመር ይበላል። ሰማያዊው ውስጥ ትንሽ ይወፈር። ቀዩ ውስጥ ጠንካራ ይሁን። እርሳሶቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጠብታ የምታህል ነጥብ ጣል አድርጉ፤ እዚያ በብየዳ ስለሚያያዙ ያበጠ ነው። ይቺ ትንሽ ነገር ሥዕሉን ከማቅለሚያ ደብተር ትለየዋለች።

ማስኪንጉን አሁን በንጹሕ ጣት አሽታችሁ አንሡት። ነጥቦቹ በጣም ነጭ ሆነው ከዘለሉ ጥቂቶቹን በሻይ ቀለም አደብዝዙ። ግማሹ ይደብዝዝ፣ ግማሹ ይብራ።

አሥረኛ፦ ወለሉ፣ ከፈለጋችሁ

ቀለም ድንጋዩ ወለል ላይ የሚወድቀው ፀሐይ በቀጥታ ስትገባ ብቻ ነው። ደመናማ ቀን ከሣላችሁ ዝለሉት። ከገባም የመስኮቱን ቅርጽ አትድገሙት። ዘንበል ብሎ የተዘረጋ፣ ጠርዙ የፈሰሰ፣ ንጉሥና ነቢይ የማይለይበት የቀለም ጠብታ ነው። ወለሉ ደርቆ ከሆነ በእርጥብ ብሩሽ አሸት አድርጋችሁ በሶፍት ጨለማውን አንሡ፣ በተከፈተው ቦታ ላይ ስስ ሰማያዊና ሮዝ አስቀምጡ። አየር ላይ የተዘረጉ የብርሃን ዘንጎችን እኔ አልወድም። ዕጣን በጢሱ ካልሞላው በስተቀር ብርሃን አየር ላይ እንዲያ ተቆርጦ አይታይም።

ከዚያ ሰሌዳውን ገልብጡትና ከሦስት ሜትር እዩት። ተገልብጦም ከበራ አልቋል። ካልበራ መስታወቱን አትንኩ፤ ግድግዳው ላይ ሌላ ድርብ ጨምሩ።

ፊርማ ላይ ሱዤርን ተከተሉ። በእሴይ ግንድ አጠገብ ባለው፣ የጌታን ልጅነት በሚያሳየው መስኮት ላይ እመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል፤ ታች፣ በትንሹ። እናንተም ስማችሁን ከታች ጥግ ላይ በቀጭኑ ብሩሽ ጻፉት። ፕላስተሩን ወደ ውጭ እየሳባችሁ ቀስ ብላችሁ አንሡ። ሥዕሉን ስትሰቅሉ ከእውነተኛ መስኮት ፊት ለፊት አታድርጉት፤ የፍሬሙ መስታወት ያንጸባርቅበታል፣ ቀዩም በፀሐይ ቶሎ ይለቃል። የእኔ ኮሪደር ውስጥ፣ መብራቱ ከተቃጠለው አምፖል ሥር ነው ያለው። አምፖሉን ሆን ብዬ አልቀየርኩትም።